ሶሌታ ላይ የበቀለ ቆስጣ፦ የአዳማ ማስታወሻ

ሐሙስ

ጣሪያ ላይ ስለሚለማ አትክልት ሲወራ ሁሌ የሚጠሩት ኒውዮርክና ሞንትሪያል ናቸው። ኒውዮርክ ውስጥ ብሩክሊን ግሬንጅ የሚባል ድርጅት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፎቅ አናት ላይ አፈር ዘርግቶ ያርሳል። ሞንትሪያል ውስጥ ደግሞ ሉፋ ፋርምስ በ2011 እ.ኤ.አ. ጣሪያ ላይ ግሪን ሃውስ ሠርቶ አትክልት መሸጥ ጀመረ። ጎሽ፣ ይበል የሚያሰኝ ነው። ግን እዚያ ውሃ በፈረቃ አይመጣም። እኔ ማየት የፈለግኩት ሮቶው ባዶ በሆነ ቀን ጎመኑን ምን እንደሚውጠው ነው።

ስለዚህ አዳማ። አክስቴ መብራት ኃይል አካባቢ ጂ ፕላስ ዋን ቤት አላት። ሁለተኛውን ፎቅ "እግዜር ሲል" ብላ ትታው፣ ሶሌታው ላይ መትከል ከጀመረች ቆየች። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ባገኘች ቁጥር ቆስጣ በፌስታል ትልክልናለች፣ እኛም እንበላለን፣ ግን አንዳችንም ይሄ ነገር እንዴት እንደሚበቅል ጠይቀን አናውቅም። አቃቂ ወንዝ ዳር በቆሻሻ ውሃ ስለሚለማው ጎመን ለዓመታት ስንሰማ ኖረን፣ የማን ቅጠል ንጹህ እንደሆነ የምናውቀው የሷን ብቻ ነው። ጥምቀት አልፎ ሥራ ቀዝቀዝ ሲልልኝ ደወልኩላት። "ና፣ ግን እንግዳ ሆነህ አይደለም" አለችኝ።

ቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ። ቱሉ ዲምቱን አልፈን ፈጣን መንገዱ ላይ ከወጣን በኋላ የሚወራ ነገር የለም፣ ሰው ሁሉ ተኛ። አዳማ ልትደርሱ ስትሉ ግን ቀና በሉ። ኮረብታው ላይ ነጫጭ የነፋስ ተርባይኖች ተደርድረዋል። አንደኛው ጣቢያ 34 ተርባይን፣ ሁለተኛው 102 ተርባይን አለው፤ የመጀመሪያው 51፣ የኋለኛው 153 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠሩ ናቸው። ድሮ ሳልፍ ፎቶ አንስቻቸው እረሳቸው ነበር። ዛሬ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ይሄን የሚያህል ክንፍ የሚያዞር ነፋስ የአክስቴን ቲማቲም ምን ያደርገዋል?

ስደርስ መሽቷል። ሽሮ ቀረበ፣ ቡና ተፈላ። ጣሪያውን ልይ ስል እሺ አላለችም። "ጨለማ ነው፣ ረግጠህ ታበላሽብኛለህ። ዛሬ ሌሊት ውሃ ተራችን ነው፣ አሁን ተኛ።"

አርብ

ውሃው ሌሊት 9 ሰዓት ግድም መጣ። ቧንቧው መጀመሪያ አየር አስነጠሰ፣ ከዚያ በርሜሉ ላይ መንደቅደቅ ጀመረ። አክስቴ ከኔ ቀድማ ተነስታለች። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፓምፑን አስነስተን ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ እንሞላለን ስንል መብራት የለም። እንግዲህ ጀሪካን። "እንግዳ ሆነህ አይደለም" ያለችው አሁን ገባኝ።

ደረጃውን ወጥቼ ጣሪያው ላይ ብቅ ስል መጀመሪያ ያየሁት ፌሮ ነው። የየኮለኑ አናት ላይ ለቀጣዩ ፎቅ ተብሎ የተተወው የሚወጋ ብረት አለ አይደል፣ አዳማ ላይ ግማሹ ቤት እንደዚያ ነው። እሷ ያንን ፌሮ የቲማቲም ድጋፍ አድርጋዋለች። ከአንዱ ፌሮ ወደ ሌላው ሲባጎ ዘርግታ ቲማቲሙን በጨርቅ አስራዋለች። ሥሩ ያለው በአሮጌ የቀለም ባልዲ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ለሁለት የተከፈለ ጀሪካን፣ የተጣለ የእጅ መታጠቢያ፣ ጎማ። ውስጣቸው ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ የሐበሻ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠል። ጥግ ላይ አንድ ሎሚ አለች፣ ያላፈራች። ሁሉም ዕቃ ብሎኬት ላይ ነው የተቀመጠው እንጂ ሶሌታውን አይነካም፣ ከሥሩ የሚፈሰው ውሃ አሸንዳውን ያገኛል። ሶሌታውም ቀድሞ ሬንጅ ተቀብቷል። እሱ ሳይደረግ አንድም ባልዲ አልወጣም አለችኝ፣ ሳሎኗ ከታች ነዋ።

የተተከለው ተደምሮ 12 ካሬ ቢሆን ነው። እስቲ እናስላው። በዚህ ፀሐይና በዚህ ነፋስ አንድ ካሬ አትክልት በቀን 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። 12 ካሬ ማለት 60 ሊትር፣ ሦስት ጀሪካን ማለት ነው። በየቀኑ። አንድ ቀን ብትዘል ባልዲ ውስጥ ያለ ተክል እንደ መሬቱ ሥሩን ወደ ታች ሰዶ አያመልጥም፣ ባልዲው ሲደርቅ አለቀ። ሁለተኛውን ጀሪካን ይዤ ደረጃው መሀል ላይ ስቆም ይሄ የጣሪያ እርሻ የሚባለው ነገር ስለ ዘር ወይም ስለ አፈር ሳይሆን ደረጃውን በየቀኑ ስለሚወጣ ሰው እንደሆነ ጉልበቴ ነገረኝ።

አክስቴ ግን 60 ሊትሩን ሁሉ ከቧንቧ አታመጣም። ጎመን ያጠበችበት፣ ምስር የለቀለቀችበት፣ ጤፍ ያሸችበት ውሃ ሁሉ በሳፋ ተጠራቅሞ ወደ ላይ ይወጣል። የኦሞ ውሃ ግን አይደርስም፣ ጨው ስላለው አፈሩን ያደርቀዋል። አፈሩን ደግሞ በጭድ ሸፍናዋለች፣ ጭዱን ነፋስ እንዳይወስደው በላዩ አሮጌ መረብ። መረቡ ከሌለ የሷ ጭድ የጎረቤት ሳሎን ውስጥ ነው የሚገኘው፣ ሆኖም ያውቃል።

ወደ 3 ሰዓት ሲሆን ነፋሱ ተነሳ። የበጋ ነፋስ ነው፣ ደረቅ፣ አቧራ የያዘ። ጣሪያው ዙሪያ በሸንበቆ የተወጠረ አረንጓዴ መረብ አለ። ቀጥሎ ያለው ጎረቤት ይሄን አይቶ እሱ ደግሞ በቆርቆሮ አጥሯል፣ ጠንካራ ይሻላል ብሎ። ከኛ ጣሪያ ሆኜ የሱን ቃሪያ አየሁት፣ ግማሹ ተኝቷል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ድፍን አጥር ነፋሱን አያቆመውም፣ በላዩ ዘሎ ከጀርባው እየተሽከረከረ ይወርዳል። ግማሹን የሚያሳልፍ መረብ ግን ኃይሉን ይቀንስለታል፣ ከቁመቱ እስከ አሥር እጥፍ ርቀት ድረስም ይረዳል። አክስቴ ይሄን በንድፈ ሐሳብ አታውቀውም። ቆርቆሮ ውድ ስለሆነ መረብ ገዛች፣ ሠራላት።

ምሳ የጾም ነበር። ቆስጣውን ራሴ ቆረጥኩ፣ እሷ ቆማ እያየችኝ። ውጭ ውጭ ያለውን ቅጠል ብቻ ነው የሚቆረጠው፣ መሀሉን ከተዉት ለወራት ይሰጣል። ከተዘራ ሁለት ወር ሳይሞላው መብላት ይጀመራል። ጣሪያው ላይ ካለው ሁሉ ሆድ የሚሞላው እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሶሌታው ይፋጃል። ባዶ እግሬን ወጥቼ ዘልዬ ተመለስኩ። ጥቁሮቹ ባልዲዎችና ጀሪካኖች በኖራ ነጭ ተቀብተዋል፣ ካልተቀቡ ውስጣቸው ያለው ሥር ይቀቀላል። በግንቦት ደግሞ ይብሳል አለች አክስቴ፣ ያኔ ቲማቲሙ አበባውን ያረግፈዋል፣ እሷም አትቆጣውም፣ ሰላጣ መዝራቱንም ታቆማለች።

ቅዳሜ

ከሰፈሩ አንድ ጡረታ የወጡ ፎርማን አሉ። ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። አዳማ ላይ የፈሰሰ ሲሚንቶ ግማሹ በእጃቸው ያለፈ ይመስላል። ጠዋት ለቡና መጡና ጣሪያው ላይ ወጥተው ዞር ዞር እያሉ በጫማቸው ሶሌታውን እየረገጡ አዩ።

"እዚህ ጋ ያለውን ጎማ አንሺው" አሏት አክስቴን።

"ምነው ጋሼ፣ ጎመኔ እኮ ነው።"

"ጎመንሽ አይደለም የከበደኝ፣ አፈርሽ ነው።"

ከዚያ ለኔ አስረዱኝ። የረጠበ አፈር ኪዩብ ሜትሩ 1,700 ኪሎ ይመዝናል። 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ብትዘረጋው አንድ ካሬ ላይ 340 ኪሎ ጫንክ ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል ሲሠራ ደግሞ ለሰውና ለዕቃ ተብሎ የሚታሰበው በካሬ 200 ኪሎ ያህል ነው። "ሰው ጭፈራ ጨፍሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል" አሉ፣ "አፈር ግን ቀንም ማታም እዚያው ነው፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ይጠጣል።" ሶሌታው መሀል ላይ ሙሉ መደብ ዘርግቶ የሚተክል ሰው ካያችሁ፣ ከሥሩ ቁጭ ብላችሁ ቡና አትጠጡ። ከባዱ ነገር ኮለንና ቢም ባለበት መስመር ላይ ነው የሚቀመጠው። ለዚህ ነው የአክስቴ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ጥግ ላይ ያለው፤ ውሃ ሲሞላ ሁለት ቶን ነው። ጎማውንም ወደ ፌሮው አጠገብ ገፋነው። ላብ አስጠመቀን።

ጋሼ ቀጥለው ያሉት ነገር ለኔ የጉዞዬ ትልቁ ትምህርት ነበር። "ፑሚስ ለምን አትቀላቅሉበትም?" ፑሚስ የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ የተፋው ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ነው። በዚህ አካባቢ ሞልቷል፣ ብሎኬት የሚሠራበትም እሱ ነው። ባጃጅ ይዘን አንድ ብሎኬት ማምረቻ ሄድን። ልጆቹ "ስንት መኪና ነው የምትፈልጉት?" አሉን። ሁለት ከረጢት ስንል ሳቁብንና ለሻይ ብቻ አስከፍለው ሰጡን። ትከሻዬ ላይ ሳነሳው አላመንኩም፣ ከዚያው ከረጢት አፈር ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ይቀላል። ቀዳዳው ውሃ ይይዛል፣ ትርፉን ደግሞ ያሳልፋል። ውጭ አገር ጣሪያ ላይ የሚያርሱ ሰዎች ቀላል አፈር ብለው በውድ የሚገዙት ነገር እኛ ጋ ብሎኬት ይሆናል።

ቅልቅሉ እንዲህ ሆነ፦ አንድ እጅ ፑሚስ፣ አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ። ብስባሹን ከየት አመጣሽው ብዬ ስጠይቅ አክስቴ ሳቀች። ከገረባ ነው። ከታች ካለው ጫት ቤት ማታ ማታ የሚጣለውን ገረባ አንድ ልጅ በጆንያ ያመጣላታል። ቅጠሉ ቶሎ ይበሰብሳል፣ እንጨቱ ግን ግትር ስለሆነ ተለቅሞ ለማገዶ ይሄዳል። የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የሙዝ ልጣጭ ይጨመርበታል። የዶሮ ኩስም አለ። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየግቢው ዶሮ የሚያረባ ሰው ስለበዛ ኩሱ በነፃ ይገኛል። ጥሬውን ከጨመሩት ግን ሥሩን ያቃጥላል፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ከሌላው ጋር መብላላት አለበት። ሽታውስ? አለ። መካድ አይቻልም። ነፋሱ እዚህ ላይ ይረዳል፣ ምስኪን ጎረቤት ነው እንጂ።

ከሰዓት በአሰላ መንገድ ወደ አዋሽ መልካሳ ሄድኩ፣ ከአዳማ 17 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የምርምር ማዕከሉ እዚያ ነው ያለው። አገራችን ገበሬ እጅ ላይ ከደረሱት የአትክልት ዝርያዎች ብዙዎቹ የወጡት ከዚህ ነው፣ መልካሾላና መልካሳልሳ የሚባሉት ቲማቲሞች፣ አዳማ ሬድ የሚባለው ሽንኩርት። ቅዳሜ ከሰዓት ስለሆነ ማዕከሉን ከውጭ አይቼ አለፍኩና መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጥ ሰው ጋር ቁጭ አልኩ። ለጣሪያ ነው ስለው ቲማቲም ሊሸጥልኝ አልፈለገም። "ቃሪያ ውሰድ" አለኝ። ምክንያቱ ቱታ አብሶሉታ ናት። ይቺ የቲማቲም ትል በ2012 እ.ኤ.አ. ግድም አገራችን ውስጥ የታየች ሲሆን፣ ቅጠሉን ከውስጥ ቆፍራ ትበላዋለች፣ ፍሬውም ውስጥ ትገባለች። ፎቅ ላይ ብወጣ አታገኘኝም ማለት አይሠራም፣ ክንፍ ያላት የእሳት ራት ናት፣ ነፋሱም ያሳፍራታል። ሽንኩርትስ? አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። አዳማ ሬድ ዘርተህ እስክትነቅል 4 ወር ይፈጃል፣ አራት ወር ሙሉ ውሃ አጠጥተህ ከአንድ ካሬ የምታገኘው ለአንድ ሠርግ ወጥ አይበቃም። ሜዳው ላይ በቦይ ውሃ የሚበቅልን ነገር በጀሪካን አጠጥተህ አትወዳደረውም።

ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሹፌር ወንጂ የተወለደ ነው። የአገራችን የመጀመሪያው ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረበት ወንጂ፣ ኤች ቪ ኤ የሚባሉት የኔዘርላንድ ሰዎች ያቋቋሙት። ጥርሱን ፈልቀቅ አድርጎ አሳየኝ። ቡናማ ነው። "ይሄ የኛ መታወቂያ ነው" አለ እየሳቀ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፣ ወንጂ ላይ ሰው የጠጣው የጉድጓድ ውሃ ግን ከዚያ በብዙ ያልፍ ነበር። ይሄን የማነሳው በአንድ ምክንያት ነው። ጠዋት ጋሼ "ፈረቃው ካስቸገራችሁ ጉድጓድ አስቆፍሩ" ብለው ነበር። ለአትክልት ቢሆንም የዚህ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ሶዳ ይበዛበታል፣ ባልዲ ውስጥ ደግሞ ውሃው ሲተን ጨዉ እዚያው ይቀራል። አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ሲጋገር ያያችሁ እንደሆነ እሱ ነው።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ጣሪያ ላይ ተፈላ። ነፋሱ ገና አልተነሳም። ጀበናው ከጥብስ ቅጠሉ አጠገብ፣ አክስቴ በርጩማ ላይ።

የጎረቤት ሴት መጣች፣ ኮንዶሚኒየም የምትከራይ። እሷም መትከል ትፈልጋለች፣ ግን የት? የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ተዳፋት፣ አይወጣበትም። በረንዳዋ ላይ ስድስት ባልዲ አስቀመጠች፣ የታችኛው ቤት ሰው ልብሴ ላይ ይንጠባጠባል ብሎ ከሰሰ። ኮሪደሩ ላይ አወጣችው፣ ኮሚቴው መተላለፊያ ነው ብሎ አስነሳት። አከራይዋ ደግሞ በስልክ "ውሃ የምትጠቀሚው እኮ በኔ ቆጣሪ ነው" አላት። አሁን የቀራት አንድ ጤና አዳምና አንድ በሶብላ ነው፣ መስኮት ላይ። አክስቴ "እዚህ አምጪያቸው፣ አንድ ጥግ እሰጥሻለሁ" አለቻት። በምትኩ በሳምንት ሁለት ቀን ውሃ ማውጣት። ተስማሙ። አክስቴ ጉልበቷ እያስቸገራት እንደሆነ ለኔ አልነገረችኝም ነበር፣ ለሷ ነገረቻት።

በየፌስቡኩ "ሁሉም ሰው ጣሪያው ላይ ይትከል" የሚል ነገር ሳይ አሁን ያናድደኛል። ሁሉም ሰው ጣሪያ የለውማ። ጠፍጣፋ ሶሌታ ያለው ባለቤት ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ገበያ ሄዶ የሚገዛበት አያጣም። ቅጠሉ የሚያስፈልገው ተከራዩ ነው። አክስቴ ያደረገችው ዓይነት የጥግ ስጦታ ከሌለ ነገሩ የባለ ፎቅ ሰዎች መዝናኛ ሆኖ ነው የሚቀረው።

ከሰዓት የክረምቱን ውሃ አሰላን፣ እኔና የአክስቴ ልጅ፣ በስልክ ካልኩሌተር። አዳማ በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። የነሱ ጣሪያ 100 ካሬ ስለሆነ በዓመት 80,000 ሊትር ይወርድበታል። ሮቶውን ለመሙላት 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይበቃል፣ አንድ ደህና የሐምሌ ከሰዓት ማለት ነው፣ እና ያ አንድ ሮቶ በቀን 60 ሊትር ቢወጣለት ወር ያልፋል። ችግሩ አብዛኛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፣ ያኔ ደግሞ አትክልቱ ውሃ አይጠይቅም። የቀረው አሸንዳውን ይዞ ወደ መንገድ ይሄዳል፣ አዳማ ደግሞ ዙሪያዋን ኮረብታ ስለሆነ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ሳያንስ የየቤቱ ውሃ ይጨመርበታል። የአክስቴ ልጅ ሌላ ሁለት ሮቶ እንግዛ አለ። እናቱ የት ታስቀምጠዋለህ አለችው። መሬት ላይ፣ አለ። ከዚያ ማን ያወጣዋል? አለች። ፀጥ አለ። እኔም ዝም አልኩ፣ ጉልበቴ ገና አላገገመም።

ሰኞ

ከመመለሴ በፊት አንድ ሆቴል ሄድኩ፣ ስሙ ይቅር። ጣሪያቸው ላይ ዘመናዊ ነገር እንዳለ ሰምቼ ነው። አፈር የለም፤ በነጭ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ማዳበሪያ የተሟሟበት ውሃ እየዞረ ሰላጣ የሚያበቅሉበት ዓይነት። ሥራ አስኪያጁ በትህትና ይዞኝ ወጣ። ቱቦዎቹ አሉ፣ በጣም ያምራሉ። ሰላጣ የለም።

"ምን ሆነ?" አልኩት።

"መብራት።"

በነዚህ ቱቦዎች ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ስስ ነው፣ ፓምፑ ከቆመ ሥሩ በፀሐይ ቀን በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል። የሆቴሉ ጄኔሬተር ለኩሽናውና ለእንግዳው ሲነሳ የጣሪያው ፓምፕ መስመሩ ላይ አልነበረም። አንድ ከሰዓት ብቻ ነው የፈጀው። ከዚያ ማዳበሪያ ዱቄቱም ከውጭ ስለሚመጣ አለቀ፣ ተተወ። ውሃው በጥልቅ ገንዳ ተኝቶ ሥሩ የሚነከርበት ዓይነት ቢሆን ኖሮ ለተወሰነ ጊዜ ይታገስ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ይሄን ያውቃል፣ አሁን ሐሳቡ ቱቦዎቹን አንስቶ በባልዲ የጥብስ ቅጠልና ናና መትከል ነው፤ ለጥብሱና ለሻዩ። የአክስቴን ፎቶዎች በስልኬ አሳየሁት። ፌሮው ላይ ያለው ቲማቲም አሳቀው። ፑሚሱን ግን ቆም ብሎ ጠየቀኝ፣ የትኛው ማምረቻ እንደሆነም ጻፈ።

ወደ ቤት ስመለስ አክስቴ ልብሷን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ገበያ እንሂድ አለች። ምን ልትገዢ? ስላት ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው እንደማለት። ሽንኩርት ነዋ። ድንች፣ ቲማቲም፣ ካሮት። ጣሪያዋ ከገበያ አላዳናትም፣ እሷም አድኖኛል ብላ አታውቅም። ያዳናት በየቀኑ ከመንገድ ዳር ከሚገዛ ቅጠል፣ ቃሪያና ማጣፈጫ ነው፣ ለዚያ 60 ሊትር ውሃ ማውጣት ያዋጣል፣ ለሽንኩርት አያዋጣም። ሌላው የከተማ እርሻ ወሬ ሁሉ ከዚህ ሒሳብ በኋላ ቢመጣ ጥሩ ነው።

የጅምላው ቦታ ሽንኩርቱ ከመኪና ላይ እየተራገፈ ነበር። አዲስ አበባ ከምገዛበት ይሻላል ብዬ እኔም አንድ ኩንታል ሊሞላ ምንም ያልቀረው ጆንያ ገዛሁ፤ ለኛ ቤት፣ ለእህቴ፣ ለጎረቤት። መናኸሪያው ላይ ረዳቱ ጆንያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሹፌሩን አየ። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሁለት ሰው ነው" አለ። አንድ ሰው አድርጌ ተከራከርኩ። በአንድ ተኩል ተስማማን።